እበት በዶላር

የእድሜ እኩዮቼ፣ ጉልበታችሁ እንዴት ይዟችኋል? የእኔን አትጠይቁኝ። ብርዱ ወጣ ብለን ጋቢያችንን ሳናጥፍ የቁፋሮው ወራት መጣ፤ እኔም ዶማዬን ይዤ ወጣሁ። ወጥቼ ያየሁትን ጉድ ለእናንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ልጆቼ እንደሆኑ ገና አፌን ስከፍት «አባባ፣ ይህን እኮ አምናም ነግረውናል» ይሉኛል። አምና የነገርኳቸው የአምናውን ነው። የዘንድሮው የባሰ መሆኑን ማን ይንገራቸው?

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ዳርቻ፣ ፎቅ ላይ ለምንኖር ሰዎች በዓመት ኪራይ የሚሰጥ ቁራጭ መሬት አለ። ወርዱ 10፣ ቁመቱ 20 ጫማ ነው። እኔ እንግዲህ የባላገር ልጅ ነኝ፤ ደብረ ብርሃን አጠገብ አባቴ ግማሽ ጋሻ መሬት ነበራቸው። ጎመናችን ወገብ ድረስ ይደርስ ነበር። ዛሬ ልጃቸው ለ10 በ20 ጫማ ውል ይፈርማል፤ ውሉም ከቤቴ የኪራይ ውል ይረዝማል።

ለዚህችም ስንት ዓመት ወረፋ ጠብቄያለሁ። ስሜ ተመዝግቦ ስጠብቅ፣ «ሰው እንዴት አንድ ቁራጭ መሬት ላይ ተጣብቆ ለሌላው አይለቅም?» እያልኩ ሳማርር ነበር የኖርኩት። አሁን ደርሶኛል። አሁን የሚያበግነኝ ደግሞ እነዚያ አጥሩ ላይ ተደግፈው «ይህ ሽማግሌ መቼ ይሆን የሚለቀው?» በሚል ዓይን የሚያዩኝ ወጣቶች ናቸው። ትዕግሥት የሚባል ነገር ከምድር ጠፋ እኮ!

እዚህ አገር አፈር ይሸጣል። ልድገምላችሁ፤ አፈር፣ በላስቲክ ከረጢት ታሽጎ፣ ዋጋ ተለጥፎበት፣ በጋሪ ተገፍቶ፣ ገንዘብ ተከፍሎበት፣ ተመልሶ መሬት ላይ ይደፋል። ከአፈሩ ጎን የላም እበት አለ። እሱም ይሸጣል፤ ከረጢቱ ላይ የላሟ ፎቶ አለ፤ ላሟም ታጥባ ነው ፎቶ የተነሣችው። እናቴ ነፍሳቸውን ይማረውና ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? እኛ ቤት ወለሉ በእበት ሲለቀለቅ፣ ጎተራው ሲመረግ፣ ኩበቱ ሲጠፈጠፍ፣ የተረፈው ጓሮ ሲደፋ፣ አንድ ቀን እንኳ ደረሰኝ ተቆርጦለት አያውቅም። ትልም ይሸጣል። ከነሕይወቱ፣ በፖስታ የሚመጣ ቀይ ትል። ያቺ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛም ክሽክሽ ትበላለች ተብላ በከረጢት ትሸጣለች፤ ገዝተህ ስትለቃት በርራ የጎረቤትህ ጎመን ላይ ታርፋለች፤ በአንተ ገንዘብ። እኔ በዚህ ሁሉ የለሁበትም። እርግጥ እበቱ ባለፈው ሰሞን በቅናሽ ስለነበር ጥቂት ከረጢት አስጭኛለሁ፤ እሱ ግን ገንዘብ ማዳን እንጂ ግዢ አይባልም።

ደግሞ አፈራችሁን አስመርምሩ ይሉናል። የከተማ አፈር እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ አሲዱም መታወቅ አለበት፤ ስለዚህ ትንሽ ዘግናችሁ፣ አሽጋችሁ፣ ለላቦራቶሪ ላኩ ነው ነገሩ። አባቴ አፈር ከመሬት ያነሡና በመዳፋቸው አሽተው አንድ ጊዜ ያሸቱታል። በቃ። «ባቄላ» ይላሉ፣ ወይ «ገብስ» ይላሉ። ምርመራው አለቀ። የእኔ ውጤት በኢሜይል መጣ፤ አሲድ በዝቶበታል፣ ኖራ ጨምርበት ይላል። የሜሪላንድ ቀይ ሸክላ አፈር ምን ዓይነት ግትር እንደሆነ ለማወቅ የጫማዬን ሶል ማየት ይበቃ ነበር። ቢሆንም ኖራውን ጨመርኩ፤ በዓመቱ ጎመኑ አማረበት። እሱ የእጄ በረከት ነው፤ ኖራው ምንም አላደረገም።

ዘሩስ? ድሮ የጎመን ዘር ከጎመኑ ነበር የሚገኘው። አንዱን ግንድ ሳትቀነጥሰው ትተወዋለህ፤ ቢጫ አበባ ያወጣል፣ ያፈራል፣ ይደርቃል፤ ታራግፈውና በጨርቅ ቋጥረህ ምሰሶ ላይ ታንጠለጥለዋለህ። እዚህ ዘር በወረቀት ፖስታ ነው፤ ከፊት ለፊቱ በሕይወቴ አብቅዬው የማላውቅ ዓይነት ጎመን ፎቶ አለ፤ ከጀርባው ስንት ኢንች እንደሚቀበር፣ ስንት ኢንች እንደሚራራቅ፣ በስንት ቀን እንደሚደርስ ተጽፏል፤ ጎመኑ ራሱ ግን ይህን አላነበበም። የአገሬን ዘር ላስመጣ ብትል ደግሞ የእጽዋት ጤና ምስክር ወረቀት የሌለው ዘር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይወረሳል። ጎመን የጤና ምስክር ወረቀት! «ጎመን በጤና» ስንል ይህን ማለታችን አልነበረም። እኔ በበኩሌ ሕግ አክባሪ ሰው ነኝ። ያለኝን ዘር ማን እንዳመጣልኝ ግን አትጠይቁኝ።

ችግኙን ደግሞ በየካቲት፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ መብራት አብርተው ነው የሚያፈሉት። ቲማቲሙ ከተወለደ ጀምሮ ፀሐይ አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ወደ ውጭ ሲዘዋወር እንዳይደነግጥ በቀን ጥቂት ጥቂት ሰዓት እያወጡ፣ ማታ እያስገቡ፣ ለሳምንት ያህል ያለማምዱታል። እኔን ማን አለማመደኝ? እዚህ አገር የወረድኩት በጥር፣ በረዶው ጉልበት ሲያክል ነው። አንድም ሰው ቀን ቀን ሁለት ሰዓት እያወጣ፣ ማታ እያስገባ አላለማመደኝም። ለቲማቲም የተደረገው ግማሹ ቢደረግልኝ ዛሬ ወገቤ እንዲህ አይሆንም ነበር።

አንድ ነገር ስለ ውርጭ ልበል፤ ይህን ሳልል ብሞት አፈሩም አይቀበለኝ። እዚህ ቲማቲምና ቃሪያ ከእናቶች ቀን በፊት መሬት አይነካም ይላሉ፤ ያም በፈረንጆቹ ሜይ ሁለተኛው እሑድ ነው። ለምን ቢሉ፣ ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ሸሚዝ ያስወልቅህና በማግሥቱ ሌሊት ውርጭ ይጥልብሃል። ይህ ውርጭ ሥርዓት የለውም። የደብረ ብርሃን ውርጭ እኮ ጨዋ ነበር! በኅዳር ይመጣል፣ በጥር ይሄዳል፣ አመጣጡንም ሁሉ ያውቀዋል። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር በልጅነቴ በረደኝ ያልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። የብርድ ልብስ ፋብሪካው ከተማችን ውስጥ የተከፈተው ለሌላው አገር ሰው ታስቦ ይመስለኛል።

እና የዛሬ ልጅ ሰማይ አያይም። ውርጭ ይጥል እንደሆነ የሚያውቀው ከስልኩ ነው። የልጅ ልጄን «ሰማዩ እኮ ከራስህ በላይ ነው፤ ኪስህ ውስጥ ምን ትፈልጋለህ?» ብዬ ስንት ጊዜ መክሬዋለሁ። ልጁ ግን ጨዋ ነው፤ ማታ ማታ ደውዬ «ስልክህ ስለ ሌሊቱ ምን ይላል?» ስለው ሳይሰለች ይነግረኛል። እኔም ብርድ ልብሱን ይዤ ሄጄ ቃሪያውን አለብሳለሁ። ባለቤቴ «አልጋው ላይ የነበረውስ?» ብላ ትጮሃለች። ሰው ለሁለት ሌሊት ምን ይሆናል? ቃሪያ ነው እንጂ የሚሞተው።

አየሩን ከስልክ ማወቅ እንኳ ደግ ነው፤ ከዚህ የባሰ አለ። ግራውንድሆግ የሚባል አውሬ ታውቃላችሁ? ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር፣ ከድመት የሚወፍር፣ ጥርሱ የገጠጠ። ፔንስልቬንያ ውስጥ ፐንክሳታውኒ የምትባል ከተማ አለች፤ ከ1887 ጀምሮ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 2 ቀን ገና ጎህ ሲቀድ፣ ከፍ ከፍ ያለ ጥቁር ባርኔጣ ያጠለቁ የተከበሩ ሰዎች ይህን አውሬ ከጎሬው ያወጡታል። ጥላውን ካየ ብርዱ ስድስት ሳምንት ይቀጥላል፤ ካላየ ጸደይ ቶሎ ይገባል። ጨረቃ ላይ ሰው የላከ አገር ነው ይህን የሚያደርገው! እኛ ዘንድ አንድ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ቢጠይቅ ጠንቋይ ቤት ሄደ ተብሎ ንስሐ ይሰጠው ነበር። እኔ ዘንድሮ ቴሌቪዥኑን የከፈትኩት ምን እንዳለ ለማወቅ ያህል ብቻ ነው።

የዚያ ነቢይ የሥጋ ዘመድ፣ ወገኖቼ፣ ከእኔ ማሳ ሥር ነው የሚኖረው። ክረምቱን ሙሉ ተኝቶ ይነሣና ርቦት ይወጣል፤ እኔ ደግሞ ልክ በዚያን ጊዜ ለጋ ጎመን አቅርቤ እጠብቀዋለሁ። የሚበላው ደግሞ ተርታውን ይዞ፣ አንዱን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ነው፤ ምግብ አያባክንም፣ ይህንንስ አልክድም። አጥር አጠርኩ፤ ከሥር ቆፍሮ ገባ። ሽቦውን አንድ ጫማ ያህል መሬት ውስጥ ቅበር አሉኝ፤ ቀበርኩ፤ ከላይ ወጥቶ ገባ። ለአጋዘኑ ደግሞ 8 ጫማ አጥር ያስፈልጋል፤ ከዚያ በታች ያለውን ይዘለዋል። ወጥመድ ክልክል፣ መርዝ ክልክል፣ ድንጋይ መወርወር ነውር። ታዲያ ምን ይደረግ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ሳሙና ስቀልበት ይላሉ፤ ሽታውን አይወድም አሉ። አጋዘን እንዲሸተው ሳሙና የሰቀልኩ ሰው ነኝ እኔ! በአባቴ አንድ ጋሻ መሬት ላይ ጎመኑ ትከሻ ሲያክል አንድም ዝንጀሮ ቅጠሉን ነክቶ አያውቅም፤ ምክንያቱም እኔ ከንጋት እስከ ምሽት ወንጭፍ ይዤ ማማ ላይ ነበርኩ። እንዴት ያለ ጥጋብና ዕረፍት የሞላበት ልጅነት ነበር!

እሺ፣ ከአውሬው የተረፈውን እንብላ ትሉ ይሆናል። መቼ? ጎመን ለሰው ልጅ የሚያስፈልገው በሁዳዴ ነው፤ 55 ቀን ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ። እዚህ ግን በሁዳዴ መሬቱ ገና ከብርዱ እየነቃ ነው። በመጋቢት የዘራሁት የሚደርሰው ፋሲካ አልፎ፣ በጉ ታርዶ፣ ዶሮው ተበልቶ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት በዚያ በበዓለ ኀምሳ ውስጥ ነው። ጎመኔ አምሮበት፣ ለምልሞ፣ ቆሞ ያየኛል፤ ማንም አይፈልገውም። «ጎመን ላምጣላችሁ?» ብዬ ስደውል ዘመድ ሁሉ ስልክ አያነሣም። በሁዳዴ ደግሞ እኔው ራሴ ገበያ ሄጄ፣ በካሊፎርኒያ ፀሐይ የበቀለ ጎመን በእስር እገዛለሁ።

የዛሬ ወጣቶች ጎመንን ኬል ብለው ከሙዝ ጋር ፈጭተው ይጠጡታል። ጥሬውን! ድሮ ክረምት ሲወጣ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ብለን በሆታ ያባረርነው ጎመን፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ መጥቶ እዚህ ባላባት ሆነ። በመስታወት ብርጭቆ፣ በገለባ ይመጠጣል። የልጅ ልጄ አንድ ጊዜ አቀመሰኝ። ምንም ጣዕም የለውም። ለጉልበት ጥሩ ነው ስላሉ ብቻ ጠዋት ጠዋት እጠጣለሁ።

ፍራፍሬው አያድርስ ነው። የአትክልቱ ቦታ ደንብ ዛፍ መትከል ይከለክላል፤ ጎረቤት ላይ ያጠላል ተብሎ። ኮክ አይቻል፣ ፖም አይቻል። የተፈቀደልን እንጆሪ ነው፤ እሱንም ሽኮኮው ከቀላበት በኩል አንድ አንድ ጊዜ ይነክስና ለእኔ ከአረንጓዴው በኩል ይተውልኛል። በአንጻሩ ዋሽንግተን መሐል ሂዱና እዩ። በ1912 ከቶኪዮ ከንቲባ በስጦታ የመጡ 3,020 የቼሪ ዛፎች ተተከሉ፤ ዘራቸው እስከ ዛሬ አለ። ከዚያ በፊት በ1910 የመጣው የመጀመሪያው ጭነት ተባይ ተገኘበት ተብሎ ተቃጥሎ ነበር፤ ስለዚህ የዘር ነገር ላይ ይህ አገር ከጥንትም ጨካኝ ነው። ታዲያ የእነዚህ ዛፎች ፍሬ የሚበላ አይደለም! ለአበባ ብቻ ናቸው። አበባውም ሳምንት ቢቆይ ነው። የዓለም ሕዝብ ግን በአውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ሆቴል ተከራይቶ ይመጣል፤ መኪና ማቆሚያ አይገኝም። እኔ በየዓመቱ ሄጄ ነው ይህን የታዘብኩት። ባለፈው ጊዜ ያነሡኝ ፎቶ ሳሎናችን ተሰቅሏል፤ መጥታችሁ እዩት፣ ከበስተጀርባዬ ያለው ፍሬ አልባ ዛፍ ነው።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ድሮ እንዲህ አልነበሩም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ 20 ሚሊዮን ያህል ጓሮ አልምተው ነበር ይባላል፤ በ1943 የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኤሊኖር ሩዝቬልት ቤተ መንግሥታቸው ግቢ ውስጥ አትክልት አስተክለዋል። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተረስቶ ቆይቶ ሚሼል ኦባማ በ2009 እንደገና ሣሩን አስቆፈሩት። ጎሽ! ግን እነሱ ዘንድ ግራውንድሆጉን የሚጠብቅ ወታደር አለ፤ የእኔና የእነሱ ጓሮ አይወዳደርም።

ኮሚቴያችን ደግሞ በጸደይ አንድ ቀን የጋራ ሥራ ይጠራል፤ መተላለፊያውን ማጽዳት፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ማንጠፍ፣ አጥር መጠገን። ደቦ ነው እንግዲህ ይህ። ግን ደቦ ያለ ጠላ፣ ያለ ንፍሮ፣ ያለ ዘፈን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ወረቀት ላይ ትፈርማለህ፣ ጓንት ይሰጥሃል፣ የታሸገ ውኃና ደረቅ ብስኩት ይታደላል፤ ሁሉም ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ለብቻው ይሠራል። በእኛ ጊዜ አንድ ሰው ሲያቅራራ የመንደሩ ጉልበት ይታደስ ነበር። እኔ እንኳ ዘንድሮ ለማቅራራት ሞክሬ አንዲት ወጣት ሮጣ መጥታ «አሞሃል ወይ?» አለችኝ። ጉልበቴን አሞኛል አልኳትና ጥላ ሥር ተቀመጥኩ፤ ብስኩቱ ግን ያን ያህል መጥፎ አልነበረም።

እንዲያው ስለ አክብሮት ባነሣ አያልቅም። በስተቀኜ ያለችው ጎረቤቴ የልጄ ታናሽ ትሆናለች፤ ስሜን ነጥላ ነው የምትጠራኝ። ጋሼ የለ፣ አባባ የለ። ሳትተዋወቅ ሰላም ትላለች፣ ከዚያ ስለ ውሻዋ፣ ስለ እናቷ ቀዶ ሕክምና፣ ስለ ሐምራዊ ቲማቲሟ ታወራልኛለች፤ ሥራ አያሠራኝም። በስተግራ ያለው ደግሞ ቃል አይናገርም፤ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ሰው ከሰው መነጋገር የተወበት ዘመን! ማሳው አረም ወርሶታል። ይህን ፊት ለፊት መንገር ነውር ስለሆነ ለኮሚቴው በኢሜይል አሳወቅሁ። ኮሚቴውም ሰው ጠርቶ አያናግር፤ እሱም በኢሜይል ይመልሳል። ምን ዓይነት አስተዳደር ነው ይህ?

ውኃውም ቧንቧው እንዳይፈነዳ ተብሎ ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ ይቆያል፤ የሚከፈተው ሚያዝያ ላይ ነው። እስከዚያ በባልዲ ከቤት ማመላለስ ነው። እኛ አገር የውኃ ችግር አልነበረም። ወንዙ እታች ነው፣ እህቶቼ በእንስራ ያመጡታል፤ ዳገቱን እየተጫወቱ፣ እየሳቁ ይወጡት ነበር። ትልቋ እስከ ዛሬ በስልክ ስንነጋገር ያን ውኃ ታነሣብኛለች፤ በጣም ናፍቋት ነው መሰለኝ። እንዲያ ባለ ውኃ ነው የአባቴ ሁለት ጋሻ መሬት ላይ ጎመኑ ፈረሰኛ ይሰውር የነበረው። እኔ ያኔ አርሜም፣ ኮትኩቼም፣ ተሸክሜም አላውቅም፤ ሥራ ቀላል ነበር።

አሁን ወደ ልመናዬ። ያ የጉድጓድ ነቢይ የሀበሻ ጎመኔን ሥሩ ድረስ ስለጨረሰው ከእናንተ ውስጥ ዘር የተረፈው ሰው ቢኖር፣ ትንሽ ቆንጥሮ ቢያመጣልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የበሶብላ ዘርና የጤና አዳም ቅንጣቢም እቀበላለሁ። በምትኩ የፈለጋችሁትን ያህል ጎመን ትወስዳላችሁ፤ ከፋሲካ በኋላ ማለቴ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ እዚያው ማሳዬ ላይ ነኝ። ስትመጡ አትደውሉልኝ፤ እጄ ጭቃ ስለሚሆን ቴክስት አድርጉ።